ግድግዳ ደጋፊው ቡጀማ

የፋውዚን ድምፅ በሬዲዮ የሰማሁት ሰርዲን እያጠብኩ ነበር። ፋውዚ እዚህ አልጄሪያ፣ ኦራን ከተማ ውስጥ የሰፈራችን የሥራ ቅጥር ቢሮ ኃላፊ ነው። የአፍሪካን አገሮች እየጠራ ሥራ አጦቻቸውን ያወዳድራል። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ፣ ቱኒዝያ እንዲህ፣ ናይጄሪያ እንዲህ። «የኛ ሰፈር ከሁሉም ይሻላል። ሥራ አጥ ያማራችሁ ሌላ አገር ሂዱ» ብሎ ሳቀ። ወንድሜን ቡጀማን ከቀበርን ብዙም አልቆየን። ቢላዋዬን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።

ቡጀማ ብየዳ ተምሮ ነበር፤ የሚቀጥረው ግን አላገኘም። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣና የፋውዚን ቤት የውጭ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ሥራ ያጣ ጎልማሳ ሁሉ መዋያው እዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ ስማቸው «ግድግዳ ደጋፊ» ነው። ማታ ሲገባ እናታችን ከጀርባው ላይ የግድግዳውን ኖራ እያራገፈችለት፣ «ዛሬም አልወደቀም?» ትለዋለች።

«እኔ እያለሁ? ምን በወጣው ይወድቃል፣ እማ!»

አንድ ቀን ፋውዚ ቤት ለቤት እየዞረ ሥራ ያለውንና የሌለውን ሲመዘግብ እኛም ጋ መጣ። እናቴ ሻይ ቀዳችለት።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ቡጀማ?»

«ያንተ ቤት እንዳይወድቅ ግድግዳ እደግፋለሁ፣ አቶ ፋውዚ።»

ሁላችንም ሳቅን። ፋውዚም ሳቀ። ምን ብሎ እንደጻፈ ያወቅነው ወደቡ በያጆች ሲፈልግ ነው። ቡጀማ ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ፣ «አንተማ መዝገቡ ላይ የግንባታ ሠራተኛ ነህ፤ ይሄ ለሥራ አጦች ነው» ብለው መለሱት። ፋውዚን ደጁ ላይ ጠብቆ ለመነው።

«ቀልዱን ያመጣኸው አንተ። እኔ ምን ላድርግህ?»

ፋውዚ ሳይሾም በፊት ያንኑ ግድግዳ ሲደገፍ የኖረ ሰው ነው። «ግድግዳ ደጋፊ» ምን ማለት እንደሆነ ከኛ እኩል ያውቃል።

ቡጀማ በዚያው ሳምንት በጀልባ ወደ ስፔን ተነሣ። ሬሳውን ዓሣ አጥማጆች አመጡልን።

እንግዲህ ፋውዚ በሬዲዮ ሲስቅ የሰማሁ ዕለት ሬዲዮውን ዘግቼ ሻሼን አሰርኩና ሄጄ ወንድሜ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ተደገፍኩ። እዚያ ሴት ቆማ አታውቅም። ወንዶቹ ደነገጡ።

«እትዬ ሁሪያ፣ ምን ሆነሻል? ቤት እናድርስሽ?»

«ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው።

ፋውዚ በነጠላ ጫማው ወጣ። «ሴትዮ፣ ሰው ምን ይላል? ግቢ!»

«"ቡጀማ ሥራ አልነበረውም፤ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት" በል። እዚሁ፣ በሰው ፊት። ያን ጊዜ እገባለሁ።»

«አብደሻል።»

«ላብድ።»

ከዚያ ወዲህ ምሳ አብስዬ እናቴን ካበላሁ በኋላ እሄዳለሁ። ወንዶቹ ቦታ ይለቁልኛል። የፋውዚ ሚስት መጋረጃዋን መክፈት ትታለች። ሴት ልጁን ሊያጩ የመጡ ሴቶች ለምን እንደምቆም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ተመልሰው አልመጡም። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ቢሆንም ያን ቀን እራቴን በደንብ በላሁ።

ፋውዚ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልተናገረም።