ገመድ ያላሰረው አለቃ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ዘበኛዋ ግን ቂሟን ይዛ ሥራ ትገባ ነበር፤ ቂሙም ሥራውም አንድ ቀን ተጓድሎባት አያውቅም።

ዘበኛ ይሏታል እንጂ ዱላም ጠመንጃም አልነበራትም። የምትጠብቀው ምድር ቤት ያለውን የሰርቨር ክፍል ነው። የከተማው እኩሌታ ኢንተርኔት የሚያገኝባቸው ማሽኖች እዚያ እንደ ቁም ሣጥን ተደርድረው ሌት ተቀን ያጓራሉ፤ ክፍሉ በበጋም በክረምትም ሹራብ ያስለብሳል። ማቀዝቀዣው ውኃ ስለሚያንጠባጥብ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣለች። አቧራ ትጠርጋለች፣ የደከመ ዲስክ ሳይሞት ትቀይራለች፣ ማሽኖቹ የያዙትንም በየሳምንቱ ቀድታ ለብቻ ታኖራለች። አንደኛው ማሽን ድምፁን ትንሽ ከለወጠ፣ ሕፃን እንዳሳለባት እናት ብድግ ትላለች።

ድሮ ቦታዋ እዚህ አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ያለው ቢሮ ነበራት፤ የክፍሉ ኃላፊም እሷ ነበረች። አሁን በወንበሯ የተቀመጠውን ሰውዬ ሥራ ሲጀምር ከጎኗ አስቀምጣ ያስለመደችው እሷው ናት። ያኔ "እህትዓለም፣ እህትዓለም" እያለ እግር እግሯን ይከተላት ነበር።

ካሳየችው ሁሉ አጥብቃ የነገረችው አንድ ነገር ነው። የደንበኛው ሁሉ መተላለፊያ የሆነ፣ በረኛው የሚሉት ዋና ማሽን አለ። እሱን ከሩቅ ሆነህ ስትነካ መጀመሪያ ገመድህን እሰር አለችው። ገመድ የሚሉት ለማሽኑ አስቀድሞ የሚነገር ቃል ነው፦ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደህና ነኝ ካላልኩህ ወደ ነበርክበት ተመለስ። ሰው ተሳስቶ በሩን በራሱ ላይ ቢዘጋ እንኳ በረኛው ራሱ መልሶ ይከፍትለታል።

"ጉድጓድ የሚገባ ሰው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል" ትለው ነበር።

"ኧረ እህትዓለም፣ እኔ ጉድጓድ ገብቼ ምን አባቴ ልሠራ!" እያለ ይስቃል።

እናቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። በስተርጅና መተየብ ተምረው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ ነፍሰ ጡሮችን የሚያማክሩበት ገጽ ከፈቱ። ገጹን የሠራችላቸው ልጃቸው ናት። "እማማ፣ እግሬ አበጠ" ትላቸዋለች አንዷ። "እማማ፣ ጡቴ ወተት እምቢ አለኝ" ትላለች ሌላዋ። እሳቸው መነጽራቸውን ወልውለው ለሁሉም ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ በማዋለጃ ክፍሎች ጓንት እንኳ እንደጠፋ ጻፉ።

ያ "እህትዓለም" ባይ ይህን ይዞ ወደ በላዮቹ ሮጠ። ገጹ ጸያፍ ቃል አለበት፣ ሰው ያሸብራል፣ ኃላፊዋም የእናቷ ስለሆነ አይታ እንዳላየች ሆነች አለ። ገጹ ተዘጋ። እሷ ምድር ቤት ወረደች፤ እሱ ወንበሯ ላይ ወጣ። የእናቷን ገጽ መልሳ እንዳትከፍትም "ያለ ኃላፊው ትእዛዝ በረኛውን መንካት ክልክል ነው" ብሎ በር ላይ ለጠፈባት፤ የበረኛው የሳምንት ቅጂም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ መዝጋት ሱስ ሆነበት። ዛሬ የተማሪዎችን፣ ነገ የሾፌሮችን ገጽ ሲዘጋ ባልደረቦቹ "መዝጊያው" የሚል ስም አወጡለት።

ለእናቷ እውነቱን አልነገረቻቸውም። ብትነግራቸው ከዘራቸውን ይዘው አራተኛ ፎቅ ለመውጣት እንደሚነሱ ታውቃለች፤ ደም ግፊታቸው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ከቤታቸው ኮምፒዩተር ብቻ ገጹ የሚከፈትበት፣ በረኛውን የማይነካ የጓሮ በር አበጀችላቸው። ለእሳቸው ይከፈታል፤ ለጠያቂዎቹ ግን ዝግ ነው። እማማ በየጠዋቱ ፀጉራቸውን አበጥረው ባዶ ገጽ ፊት ይቀመጣሉ።

"ሰለቹኝ መሰለኝ" አሉ አንድ ቀን። "ወይስ በምክሬ አንዷን ጎድቻት ይሆን? ሰው እንዲህ በአንዴ አይጠፋም እኮ።"

ልጅቷ ኩሽና ገባች፤ ልቅሶዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፈተች። ቂሟ የወንበር ቢሆን ኖሮ ድሮ በበረደላት። እናቷን ግን ስንት ሕፃን የተቀበለ እጃቸውን እንዲጠራጠሩ አደረጋቸው። "ቆይ" አለች ለሚፈሰው ውኃ፣ "በዘጋህበት እጅህ ባላስከፍትህ!"

ቀኑ መጣ። መዝጊያው ሥራውን ሊያዩ ለሚመጡ የበላይ እንግዶች፣ በፊታቸው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ብዙ ገጽ ባንድ ጊዜ ሊዘጋ አስቧል። ጠዋት የትእዛዙን ጽሑፍ ላከላት። "እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት" ይላል። እህትዓለም የሚለው ከቀረ ቆይቷል።

ዓይኗን ጣል አደረገች። "ሁሉንም ዝጋ" የሚለው ቃል የሚከፈቱት ተዘርዝረው ካለቁ በኋላ መጨረሻ መምጣት ሲገባው ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። በረኛው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ የመጀመሪያውን ሰምቶ ይዘጋል፣ የቀረውን አያይም። ገመድም የለበትም። በእንግዳ ፊት ደቂቃ የሚቆጥር ማን አለ?

የከተማው ሆስፒታል ኢንተርኔት በረኛውን ሳይነካ በሌላ መስመር እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሄዳ ኬብሉን በእጇ ዳሰሰችው። አዎ፣ ሌላ ነው። ተመልሳ "አይቼዋለሁ" ብላ ጻፈችለት። ውሸት የለበትም፤ አይታዋለች። ከዚያ ሻይዋን ቀድታ ተቀመጠች።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ እንደ ተርብ ይርመሰመሱ የነበሩት የበረኛው አረንጓዴ መብራቶች ቀጥ አሉ። ማሽኑ አልሞተም፤ የታዘዘውን ፈጽሞ አፉን ዘጋ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሞባይሏ ጮኸ፤ እስኪበቃው ተወችው። ደግሞ ሲጮኽ አነሳችው።

"አቤት?"

"ምንድን ነው የነካሽው እዚያ?"

"ባልዲ። ሞልቶ ነበር፣ ደፋሁት።"

"አትቀልጂ! ሁሉም ጠፋ፤ እኔም መግባት አቃተኝ!"

"ገመድህን ሳበዋ።"

ሻይዋን ፉት አለች።

"አላሰርኩም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንግዶቹ አጠገቡ እንደሆኑ ገባት።

"እ? ማሽን ይጮኽብኛል፣ አልሰማሁህም።"

"አላሰርኩም አልኩሽ!"

"እንግዲያማ ከላይ ሆነህ አይከፈትም። ውረድ።"

"አንቺ እዚያው አይደለሽ? ክፈችው እንጂ!"

"በር ላይ የለጠፍከውን ረሳኸው? እንግዶችህንም ይዘህ ና። ብርድ ነው፣ ኮት ይልበሱ በላቸው።"

ወረደ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ በሸሚዝ ብቻ ገባ፤ ብርዱ ወዲያው ተቀበለው። ከኋላው አንድ አዛውንትና ሁለት ጎልማሶች ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ።

"ትእዛዙን እኮ ጠዋት አይተሽዋል!" አለ፣ እነሱ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

"አየሁት። ዓይንሽን ጣል አድርጊ አልከኝ፣ ጣልኩ። አርሚ ብለኸኝ ነበር?"

አንደኛው ጎልማሳ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"አሁን ምን ይሻላል፣ ልጄ?" አሉ አዛውንቱ።

"ኃላፊው የበረኛውን ቅጂ ካኖረ ያምጣና እንመልሰው።"

ሁሉም ወደ መዝጊያው ዞሩ። መዝጊያው ወደ ባልዲው ዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲዘጋ አንድም ቀን አልቀዳም፤ የዘጋው ሁሉ በረኛው ውስጥ ብቻ ነበር፣ እሱንም አዲሱን ትእዛዝ ሲጭንበት ራሱ አጥፍቶታል።

"እኔ አንድ አለኝ" አለች። "እንዳልነካው ሳይከለክለኝ በፊት የቀዳሁት። ደህና እንደነበር አውቃለሁ።"

ያኔ ገባው። "እሱማ የድሮው ነው!" አለ። "የዘጋሁት ሁሉ..."

"የዘጋኸው ሁሉ ምን?"

"ይከፈታል! ያን ሁሉ ወር የለፋሁበት!"

"አንተ ሰው፣ የከተማው እኩሌታ ቆሞብሃል!" አሉ አዛውንቱ። "እንድትመልስ እዘዛት!"

ዘበኛዋ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

"መልሺው" አለ።

"ማሽኑ ይጮኻል።"

"መልሺው አልኩ... እህትዓለም።"

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ገመዷን አሰረች፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ድምፅ አውጥታ እያነበበች፣ እሱ እያየ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። መብራቶቹ መርመስመስ ጀመሩ። አዛውንቱ ሲወጡ፣ "ቅጂ የማያኖር ሰው ምን ብላችሁ ነው በር የሰጣችሁት?" ሲሉ በደረጃው ላይ ተሰማ።

ማታ ቤት ስትደርስ እማማ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ አንዷ ጣታቸው ፊደል እየለቀመች ነበር። ገጹ በጥያቄ ተሞልቷል። "የት ጠፍተው ነበር እማማ? ስንት ወር ሙሉ አልከፍት ብሎን!" ብላለች አንዷ።

እማማ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ያኔ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። የሚቆጧት መስሏት ነበር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንደማይረሳ ከእሳቸው የተማረችውን ዘንግታ።

"አለቀሰ?" አሉ።

"አላለቀሰም፣ እማዬ።"

"ትንሽም?"

"ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። በብርዱ ይሆናል።"

"በብርዱ አይደለም" አሉ እማማ ረክተው። ወደ ገጻቸው ዞረው እግሯ ላበጠባት ሴት ሁለት ቃል ጻፉና ጣታቸው አየር ላይ ቆመች።

"እስቲ ያን 'ገመድህን ሳበዋ' ያልሽውን ድገሚልኝ።"