ዓሣው ይበላል

በልጅነቴ አላግባብ ሞቻለሁ፤ ይኸ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። የሞትሁት በጨዋታ ነው። ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው፣ ግፍም ግፍ ነው። የፈረደብኝ ማሩ ይባላል፤ ኮላ ድባ ውስጥ የወፍጮ ቤቱ ጠባቂ ልጅ ነበር።

ነገሩን ያነሳሳችብኝ የልጅ ልጄ ህሊና ናት። ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እሷና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ቤቴ መጥተው የምግብ ጠረጴዛዬን ይከባሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ አንዷ ወታደር፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ ሌባ ሆነው በሌለ አገር ይንከራተታሉ። የሚሆነውንና የማይሆነውን የምትለየው ብዙ ጎን ያላት፣ ቁጥር የተጻፈባት ጠጠር ናት። አንድ ቅዳሜ ቆሎ ላቀርብ ስገባ ህሊና፣

"እማዬ፣ ይኸ አዲስ ነገር ስለሆነ ግራ ይገባሻል" አለችኝ።

"አዲስ? እኔ በዱቄት ተጫውቼዋለሁ" አልኋት።

ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነው።

የደንቢያ ጥቁር አፈር በክረምት ሲረጥብ እግር ይዞ አይለቅም። አህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት የደረሰ ሰው ወረፋው ቶሎ ቢደርሰው እንኳ ዝናቡ አያስወጣውም። ያን ዓመት እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር፤ እናቴ ታማ ቤቱ በእኔ ላይ ወድቋል። እህል ማስፈጨትም የእኔ ሥራ ሆነ። ሌላው ሲያማርር እኔ ወረፋው ቢረዝም ደስ ይለኝ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጥግ አንድ አሮጌ ጠረጴዛ አለ፤ ሁልጊዜ ዱቄት ይተኛበታል። ማሩ በጣቱ ዱቄቱ ላይ ወንዝ ያሰምራል፣ ተራራ ይከምራል፣ ከተማ ይተክላል። ሞተሩ ሲጮህ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥና ተራራው ቀስ እያለ ይናዳል፤ እሱም መልሶ ይከምረዋል። የትኩስ ሽሮና የናፍጣ ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ ያ አገር ፊቴ ላይ ይመጣል።

አገሮቹን የተከፋፈልናቸው በእንቆቅልሽ ነው። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ማሩ እንቆቅልሽ የሚያቅተው ልጅ ስላልነበረ የሰሊጥ አገሯን ሳንጃን ማንም አልወሰደበትም። "ጭነቱን ይዞ ሳንጃ የገባ ሳንጃ የእሱ ናት" ብሎ ሕግ አወጣ። ከወረፋው ልጆች አያሌው ሽፍታ ሆነ። ጓደኛዬ ብርቄ እረኛ ሆነች። እኔ ነጋዴ ሆንሁ፤ ሽምብራ ጭኜ ሄጄ ሰሊጥ ጭኜ ልመለስ። ማሩ ዳኛ ነው። ዕጣችን የሽምብራ ክክ ነበር፤ አምስቱን እንጥላለን፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ከበዛ ቀናን ማለት ነው። አንድ ቀን ብርቄ ርቧት ዕጣውን ቆርጥማ በላችው።

"ዳኝነቱን በላሽው እኮ!" ብሎ አያሌው ጮኸባት።

"ሸጋ ዳኝነት ነው፣ ጨው ብቻ ይጎድለዋል" አለችው እያኘከች።

በዚህ ዓይነት ከክረምት እስከ ክረምት ተጓዝሁ። ሽፍታውን አያሌውን በአፌ አባብዬ ሁለት ጊዜ አለፍሁት። ገደል ላይ አህያዬ ሞተች፤ ከብርቄ ሌላ ተበደርሁ። በመጨረሻ ከሳንጃ በፊት ያለው ወንዝ ላይ ደረስሁ። ሌላ ሕግም ነበረን፤ ሰው በሌለበት ቦታ ዳኛው አይናገርም፣ መንገደኛው የሚያገኘውን ጽሑፍ ዱቄቱ ላይ ይጽፋል። ማሩ በወንዙ ዳር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ዓሣው ይበላል።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ቅዳሴ እስኪወጣ አልቀመስንም፤ ሆዴ ይጮሃል። ነጋዴዬም እንደኔ ጾመኛ ናት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ትልልቆቹ ሲከራከሩ ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይ ወዲያው ገባኝ፤ ለመንገደኛ ተፈቅዷል ማለት ነው። "ወንዙ ገብቼ ዓሣውን ይዤ እበላለሁ" አልሁ።

"ገባሽ?" አለ ማሩ።

"ገባሁ።"

"በላሽ። ሞተሻል።"

"ምነው?"

"አላነበብሽም? ይበላል! ላልቶ ነው። ዓሣው ሰው ይበላል።"

"እኔ ያነበብሁት ጠብቆ ነው! ሲጠብቅ ምግብ ነው። መጥበቁን በምን ልወቅ? ምልክት አድርገሃል?"

"ዳኛው እኔ ነኝ። የሞተ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ተነሽ።"

"ሁለት መንገድ የሚነበብ ጽፎ በአንዱ መግደል ዳኝነት አይደለም!" አልሁ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። አያሌው ሳቀ። ዱቄቴን ተሸክሜ በዝናብ ወጣሁ። ጳጉሜን ሳይወጣ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፤ ይግባኝ የምልበት ጠረጴዛ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ ብዙ ዘመን እህል ነገድሁ። ሰሊጡን ሳንጃ ሄጄ ልግዛ ብል እችል ነበር። ግን በፍርድ የተከለከልሁት አገር ሳይፈረድልኝ በመኪና አልገባም ብዬ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልረገጥኋትም። ልጆቼ ግትር ይሉኛል።

ባለፈው ጥር ማሩ ዓይኑን ሊታከም ጎንደር መጣና ሊጠይቀኝ ጎራ አለ። ቅዳሜ ነበር። ህሊናና ጓደኞቿ "አያ ማሩ፣ ይቀመጡ" ብለው ወንበር ለቀቁለት፤ ጠጠሯን አንስቶ በጣቱ ዳሰሳት። ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። የሞተ አይቀመጥም ባለኝ ሰው ፊት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰው አመሰግነዋለሁ። ከትምህርት ቤት በቀረሁበት ዓመት ፊደሌን ያቆየልኝ የእሱ ዱቄት ነው። መንገዱን ሳልጠይቅ እንዳልጭን፣ ከሚያስፈራ ሰው ጋር በእርጋታ እንድነጋገር ያስተማረኝ የእሱ ጨዋታ ነው። በነገድሁበት ዘመን ሁሉ የሠራሁት በእሱ ነው። ግን ምስጋናዬ ክሴን አይሰርዘውም።

"እንቆቅልሽ!" አልሁት።

"ምን አውቅልሽ?" አለ ሳያስበው፣ እንደ ልጅነቱ።

"ዓሣው ይበላል። ጠብቆ ነው ላልቶ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ እስካሁን?"

"እስካሁን።"

ማሩ ጠጠሯን አስቀመጣት።

"አላወቅሁም" አለ። "እኔም ጾመኛ ነበርሁ። እጄ ጻፈው እንጂ ምን እንደሆነ አልቆረጥሁም ነበር። ሳንጃ ልትገቢ መሆኑን ሳይ ጊዜ ላላብኝ።"

"አላወቅሁም ካልህ፣ አገር ስጠኝ!"

"ጎንደርን ሰጠሁሽ።"

"ጎንደርማ አለችኝ።"

"ኮላ ድባን።"

"የተወለድሁባትን? እሷን ከእኔ ላይ ቆርሰህ ነው የምትሰጠኝ?"

ህሊና አፏን በእጇ ያዘች። ማሩ በታመመው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጣቱን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ዱቄት እንዳለበት ሁሉ አንድ ወንዝ አሰመረ።

"እንግዲያው ሳንጃን ውሰጂ" አለኝ። "ከነወንዟ፣ ከነዓሣው።"