አቶ ፍሬዝጊና የሰባት ቀን ውይይት

አቶ ፍሬዝጊ ጡረታ የወጡት በፈረንጆቹ 1997 ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ ሮተርዳም መጥተው ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል በዕቃ መጋዘን ሠሩ። ልጃቸው የሰጠቻቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ሮተርዳም ዳርቻ፣ ሆግቭሊት ካለው ቤታቸው የስልክ መስመር ጋር ሲያገናኙ ግን፣ እውነተኛ ሥራቸውን ገና ያገኙ መሰላቸው።

ሥራው እንዲህ ነበር። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በደን ሃግ የተበተኑ አርባ ሰዎች ለአዲስ መጪዎች የሚሆን መመሪያ አብረው ይጽፋሉ፦ የሐኪም ቀጠሮ እንዴት ይያዛል፣ ቤት እንዴት ይጠየቃል። ወደ አንድ አድራሻ የተላከ ኢሜይል ለአርባውም ይደርሳል። ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሥርዓቱ ነው፤ የሥርዓቱ አባት ደግሞ እሳቸው። እያንዳንዱ ሐሳብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰባት ቀን አስተያየት ይሰበሰብበታል፤ ከዚያ ድምፅ። በዚህ መንገድ አርባ ሰው ሳይጣላ ስልሳ ገጽ ጻፈ!

በ1998 መጋቢት፣ የቤቱን ምዕራፍ የምትጽፈው የአምስተርዳም ኖርድ ነዋሪ ለአርባውም አጭር መልእክት ላከች። እስከዚያ ቀን ሁሉም በወንድ ስም ነበር የሚያውቃት። «ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ፀዳለ ነው» ይላል። «ሴት ነኝ። ለብዙ ዓመት ሳውቀው የኖርኩትን ነው አሁን የምነግራችሁ። ምዕራፌን እቀጥላለሁ።»

አቶ ፍሬዝጊ ሁለት ጊዜ አነበቡት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ እንዳይበድሏትም ፈሩ። ስለዚህ ግራ ሲገባቸው ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ፦ «ቁጥር 42። የአባላችን ጉዳይ። ሰባት ቀን አስተያየት።»

በሁለት ቀን ሃያ ስድስት ደብዳቤ ዘነበ። ደጉም ክፉውም ነበረበት፤ ብዙው ስለ እሷ እንጂ ለእሷ የተጻፈ አልነበረም። ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ የሚኖረው ማንደፍሮ «እኔንም ከሰኞ ጀምሮ ደጃዝማች በሉኝ፤ ድምፅ ይሰጥበት!» ሲል አሾፈ። በሦስተኛው ቀን ፀዳለ ለአቶ ፍሬዝጊ ብቻ ጻፈች፦ «ምዕራፉን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ። ደህና ይሁኑ።»

ያን ዕለት ከአባላቱ አንዷ ሙሂባ ከደን ሃግ ደወለች። የወሎ ልጅ ናት፤ አረጋውያንን እየተንከባከበች ስለምትኖር ሽማግሌ መቆጣት ታውቅበታለች።

«ጋሼ፣ ስልክዎ በኮምፒውተሩ ተይዞ አራት ጊዜ ሞከርኩ! ምን ነካዎት?»

«ምን አጠፋሁ? ደንቡን ነው የተከተልኩት።»

«ደንቡ! በዘጠና ሦስት ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ‹ከእንግዲህ ኤርትራዊ ነኝ› ሲሉን ቁጥር ስንት ሰጠንዎ? ስንት ቀን ተወያየንብዎ?»

አቶ ፍሬዝጊ ያን ዓመት አስታወሱ። ያኔ ከወዳጆቻቸው አንዳንዱ ከፍቶት ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም «እሺ» ብሎ፣ እሳቸው ነኝ ባሉት ተቀብሏቸዋል።

«ነገ በባቡር ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉ።

«ያሰደቧት በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ? እንዲህማ አይሆንም ጋሼ!»

እውነቷን ነበር። ተቀምጠው ለአርባውም ጻፉ፦ «ቁጥር 42ን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ለውይይት የሚቀርበው ጽሑፋችን እንጂ የሚጽፈው ሰው አይደለም። ፀዳለ፣ ማን እንደሆንሽ ነገርሽን፤ እኔ ግን እንደ ረቂቅ ለአስተያየት አቀረብኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሁለት ቀን መልስ ጠፋ። አቶ ፍሬዝጊ ምሳ እንኳ በቅጡ አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሁሉም ደረሰ፦ «ተቀብያለሁ። ማወቅ የሚፈልግ ስለ እኔ ሳይሆን እኔን ይጠይቅ። የማልፈልገውን አልመልስም።»

አቶ ፍሬዝጊ መጠየቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ወረቀት አውጥተው ዘጠኝ ጥያቄ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን «ይህን ሙሂባን እጠይቃታለሁ?» እያሉ መዘኑት፤ ስምንቱን ሰረዙ። የቀረውን ላኩ፦ «እስካሁን በተጻፉት ገጾች ላይ ያለው ስምሽም ይቀየር?»

«አዎ ጋሼ፣ በሁሉም ላይ» አለች።

የድሮው ስሟ ያለበት አሥራ አራት ገጽ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ማረም ጀመሩ።