አንዷ ጥፊ አነሰችብኝ

አዳማ ላይ የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከምሳ ስወጣ። ያለ ክስ ታስረው ስለከረሙ የጭነት መኪና ሹፌሮች ጽፌ ነበርና «ሐሰተኛ ወሬ ነዝተሃል» ተባልኩ። እኔ! ሳላጣራ አንዲት ቃል የማልጽፈው! ቱግ ብዬ መርማሪውን ተናገርኩት፤ በጥፊ አጮለኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ሃያ ሁለት ሰው ይዛለች። በሩ ሥር የሽንት ባልዲ አለ። ካቦው፣ ማለትም ከእስረኞቹ የተመረጠው አለቃ፣ ደንቡን ነገረኝ፦ አዲስ ገቢ መሃል ቆሞ የደረሰበትን ይናገራል፤ መኝታ የሚሰጠው እንደ ወሬው ማማር ነው። «ካልጣመን ባልዲው ጋ ትተኛለህ» አለኝ። ሁሉም ሲያዩኝ ጊዜ አንዷ ጥፊ አነሰችብኝ። በሽቦ ገረፉኝ አልኩ። ጀርባዬ ተተለተለ አልኩ።

ከነዚያው ሹፌሮች አንዱ የሆኑ የአቦምሳ ሽማግሌ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። «ና ልጄ፣ እዚህ ነፋስ አለ» አሉኝ። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሁለት ጣታቸውን በምርመራ ሰብረውባቸዋል። ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። እኔ ሆዬ፣ እያፈርኩም ቢሆን ተኛሁበት።

በአምስተኛው ቀን የእስረኛ አያያዝ የምታጣራ ሴት ደብተር ይዛ መጣች። መርማሪውም በሩ ላይ ቆመ። ካቦው «ጋዜጠኛው ይናገር፣ አፍ አለው!» ብሎ ወደፊት ገፋኝ። መርማሪው ፈገግ አለ። ያወራሁት ደርሶታል፤ ሸሚዜን ባወልቅ ጀርባዬ ንጹሕ እንደሆነም ያውቃል። ከእኔ ውሸት በኋላ የሽማግሌውን ጣት ማን ያምናል?

«የቀመስኩት አንድ ጥፊ ነው። ሽቦውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከኋላዬ አንዱ «አይ ጋዜጠኛ!» ብሎ ሳቀ።

«የእኚህን አባት እጅ ግን ፈትተው ይዩልኝ።»

«ጥፊው በየትኛው ጉንጭዎ ነው?» አለችኝ።

«በግራው።»

ጻፈችው። ከዚያ ጨርቁን ፈታች። የመርማሪው ፈገግታ ጠፋ።

ሽማግሌው በዚያው ቀን ሆስፒታል ተወሰዱ። ሲወጡ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። በደህና እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ገለቶሚ ልጄ፣ ተባረክ። ገና ዛሬ ነው የእውነት የተገረፍከው» አሉኝ።

ማንም ሳያዘኝ ፍራሼን አንስቼ ባልዲው ጋ አነጠፍኩ። እስክፈታ እዚያው ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬም ያው ጋዜጠኛ ነኝ። ጽሑፌን ከመላኬ በፊት አንብቤ ከራሴ የጨመርኩትን እሰርዛለሁ፤ ያጥርብኛል። ባለቤቴ አየት ታደርግና «ይቺው ናት?» ትለኛለች።

«ይቺው ናት» እላታለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።