ለእኔ የተነገረ፣ ለእሷ የተወረወረ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረት ያወራልኝ ነበር ስል የሰው ፊት ይፈካል። «ታድለሽ!» ይሉኛል። ምን ታድዬ! የአባቴ ተረት የእኔ አልነበረም። እኔ መንገዱ ነበርኩ፤ ነገሩ በእኔ ጆሮ በኩል አልፎ የሚያርፈው እንጀራ እናቴ ላይ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት ነው። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። እናቴ እኔ ገና ድክ ድክ ስል ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሄዳ አልተመለሰችም፤ ይህንንም የነገሩኝ ጎረቤቶች እንጂ አባቴ ስሟን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ከቆላ ድባ እትዬ የሺን አገባ። እትዬ የሺ ጸጉሬን ሳታሳምመኝ የምትጎነጉን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍን ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለሚበልጣት አባቴን «እርስዎ» ትለዋለች። እኔ የምፈልገው እንዳትሄድብኝ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ ሌላ ስለት አልነበረኝም።

ክረምት ሲገባ መብራት ይጠፋል። የከሰል ምድጃው በረንዳ ላይ ይወጣል፣ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ ፋኖሱ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ትንኝ ያባርራል ተብሎ ፍሙ ላይ የሚጣለው እርጥብ ቅጠል ዓይን ያቃጥላል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጭሱን መልሶ ፊታችን ላይ ሲደፋው አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና «ነይ ልጄ፣ ተረት ልንገርሽ» ይለኛል። እትዬ የሺ በቆሎውን ታገላብጣለች።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ቆንጆ ሚስት ነበረችው። ደክሞት ታንኳው ላይ ጋደም ሲል ዳር ሆና የታንኳውን ገመድ የምትይዝለት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ገመዱን ለቀቀችው፤ ሰውየው ሲነቃ ዙሪያው ውኃ ብቻ ሆነ። ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው ሴትዮዋ ናት። እትዬ የሺ ገበያ ውላ አረንጓዴ ሻርፕ ገዝታ የመጣች ዕለት የዓሣ አጥማጁ ሚስትም አረንጓዴ ሻርፕ ታስራለች። እትዬ የሺ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስትሳሳቅ ከታየች የዓሣ አጥማጁ ሚስት ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ስትሳሳቅ ታመሻለች። እኔ የዋህ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያውቀውን ሻርፕ ተረት ውስጥ ሲያገኝ የማይደሰት ልጅ የታለ? አንድ ማታ «እትዬ፣ እንዳንቺ!» ብዬ ስጮህ እጇ ከፍሙ በላይ ቆሞ ቀረ። አባቴ አገጬን ዳበስ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ። ያቺ «ጎበዝ» እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ልጅን ተናግሮ ምራትን ማሰማት አገር የሚያውቀው አሽሙር ነው። አባቴ ግን የየማታ ጸሎት አደረገው። ፊት ለፊት «የት ዋልሽ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ቢጠይቃት ትመልስለት ነበር፤ መልሷን ቢሰማ ሊያምናት ይችል ነበር፤ እሱ ደግሞ የፈራው ማመንን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ ልጡ ምን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም።

አንድ ምሽት፣ ዓሣ አጥማጁ እንደ ልማዱ ውኃ መሐል ብቻውን ከነቃ በኋላ፣ እትዬ የሺ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እኔም አንድ ልንገራት» አለች።

«በእኛ አገር አንድ ባለ ጎተራ ነበር። ድመቱ ወተቱን ጠጥታበት ጠፋች። ሌላ አመጣ። ይችኛዋ ደግሞ እንዳትሰርቀኝ ብሎ አንገቷን አስሮ ደጅ አዋላት፤ ወተትም ነሳት። አይጥ ገብቶ እህሉን ጨረሰው። ሰውየው ባዶውን ጎተራ አየና ‹ድመት አይታመንም ብዬ ነበር› አለ።»

«ድመቷስ?» አልኳት።

«ገመዱን እያኘከች ነው፣ ልጄ» አለችኝ፤ የምታየው ግን እሱን ነበር።

 አባቴ ጆጉን አነሳና ውኃውን ፍሙ ላይ ደፋው። አመዱ ተነሳ፣ በቆሎው ጥሬውን ቀረ፣ ሦስታችንም ሳል በሳል ሆንን፤ በጭሱ መሐል አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት አልቻልንም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የሺ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠምኩ። እያለቀሰች ጣቶቼን አላቀቀቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው።

«አንተ ሰው፣ የበደለችህ ሌላ፣ የቀጣኸው እኔን። ክፉ ሥራ ሠርቼ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ባልሠራሁት ስገረፍ ኖርሁ።»

ከዓይናችን ስትርቅ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አላልሁሽም?» አለኝ። ፊቱ ላይ ኀዘን ፈለግኩ። ያየሁት እፎይታ ነው። ቤቱ እየፈረሰ ልክ በመሆኑ ደስ የሚለው ሰው ያኔ አየሁ፤ ጠላሁትም። ከእሷ በኋላ ሌላ አመጣ፤ ያችኛዋ ሁዳዴ ገብቶ እስኪፈታ እንኳ አልቆየችም። ያን ጊዜም «አላልሁሽም?» አለኝ።

ልቡን የሰበረችው እናቴ ናት፤ አልክድም። ለተሰበረ ልብ ይታዘናል። ስብራቱን ይዞ ያልሰበሩትን ሲያደማበት ለኖረ ሰው ግን እስከ መቼ ነው የሚታዘነው? ዘመዶቼ «ተጎድቶ ነው» ይሉኛል። እኛስ ምን ሆነን ነበር? አሁን ሞቷል። «አፈር ይቅለለው በይ» ሲሉኝ እላለሁ፣ ከአንገት በላይ።

ዛሬ ዘንዘልማ ቤት ሠርተን የምንኖር ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴ ያለውን ፊት ለፊት የሚናገር፣ ነገር የማያውቅ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ለልጃችን ተረት ያወራላታል፤ የጅብ፣ የጦጣ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ቢላዬ ቀጥ ይላል። ጦጣዋ ወደ ቤቷ ዘግይታ ከተመለሰች፣ ዛሬ ከሥራ ያመሸሁት እኔ ነኝ። ጦጣዋ ከተቆጣች፣ ጠዋት የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ብቅ ብዬ «ለማን ነው ይሄ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ «ኧረ የጦጣ ተረት ነው፣ የኔ እመቤት!» ይለኛል። አሁን አሁን አይስቅም። ጦጣዋ የትም አትሄድም፣ ማንንም አትቆጣም፤ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች፣ ተረቱም እዚያው ያልቃል።

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፋና ሻማ ለኩሼ ሳሎን ገባሁ። ልጄ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። እሱ «አንዲት ጦጣ ነበረች» ብሎ ሲጀምር ትንሿ እጇ አፉን ከደነችው።

«ቆይ አባዬ» አለችው፣ የማልሰማ መስሏት በሹክሹክታ፤ «እማዬ መጀመሪያ ትውጣ።»

ሻማውን አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳቋን ሰማሁ፤ እኔ ባለሁበት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። አባቴን ያን ማታ በሕይወት ሳለ ከጠላሁት የበለጠ ጠላሁት። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና ጆሮዬን ደቀንኩ።