አባባ ግቡ እና የልጆች መግቢያ

አባባ ግቡ ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ትክክለኛውን ስም እኔ እንኳ ያወቅሁት የክለቡ ፀሐፊ ሆኜ መዝገብ የተረከብሁ ዕለት ነው። የሜዳው በር ላይ ቆመው "ግቡ፣ ግቡ፣ ኳሱ ሊጀመር ነው" ሲሉ የሰማ የሰፈር ልጅ ያወጣላቸው ስም ነው፤ እሳቸውም ወደዱት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በዚያ በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረዋል። በሥራ ቀን ደግሞ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ላውንድሪ ውስጥ ልብስ ይተኩሳሉ። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር በካውያ ተበልቶ አልቋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። እሑድ ከሌለች ምን እንደሚቀራቸው እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

በእኛ ሜዳ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ትልቅ ሰው ትኬት ከያዘ፣ እጁን የያዘ አንድ ልጅ አብሮት በነፃ ይገባል። ስለዚህ ኳስ ሊጀመር ሲል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከበሩ ፊት ለፊት ይኮለኮልና ብቻውን የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። "ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ! በናትዎ ጋሼ!" ሰውየው እጁን ይዘረጋል። በሩ ላይ ሲደርሱ አባባ ግቡ ኮስተር ብለው "ያንተ ነው?" ይላሉ። ሰውየው "የኔ ነው" ይላል። ውሸት መሆኑን ሰውየው ያውቃል፣ ልጁ ያውቃል፣ አባባ ግቡም ያውቃሉ። ሚስት እንኳ ያላገባ አንድ የሰፈራችን ሹፌር በአንድ የውድድር ዓመት ሃያ ልጅ ነበረው።

እኔም ከነዚህ ልጆች አንዱ ነበርኩ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው ጥሎን የሄደው። እናቴ የሆስፒታል ፅዳት ሠራተኛ ስለነበረች እሑድም ሥራ ትገባለች። እና እኔ በየሳምንቱ አንድ የማላውቀው ሰው በሰው ፊት "የኔ ነው" ሲለኝ እሰማ ነበር። አንድ ቀን የያዘኝ እንደ በርሜል የወፈረ ሥጋ ሻጭ ነው። እኔ የክብሪት እንጨት አክላለሁ። አባባ ግቡ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና "ያንተ ነው?" አሉት። "የኔ ነው፤ አይመስልም እንዴ?" አለ። "እንዴ! አፍንጫችሁ አንድ አይደል! ግቡ" አሉን። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ አፍንጫዬን ሳገላብጥ አመሸሁ። ኳሱን ማን እንዳሸነፈ ዛሬ አላስታውስም።

እንግዲህ ከዚያ በር የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አድጌ አስተማሪና የክለብ ፀሐፊ ሆኜ፣ ያንን ልማድ በገዛ እጄ የገደልኩት። ሰበብ መደርደር አልፈልግም፤ የሆነውን ብቻ ልናገር።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነገሩን ያነሳው ገንዘብ ያዡ ነው። "ከተመልካቹ ግማሹ ልጅ ነው። ልጅም መቀመጫ ይይዛል፣ ልጅም ይጮኻል። ዳኛው የሚከፈለው ግን ከትልቅ ሰው ኪስ ብቻ ነው። ይሄ ፍትሕ ነው?" አለ። አሠልጣኙ ጠረጴዛውን መታ። "እነዚህ ልጆች ናቸው ነገ የምታሰልፉልኝ! ዛሬ ከበር መልሳችሁ ነገ ማሊያውን ለማን ልታለብሱ ነው?" ሊቀመንበሩ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ዋጋ ሲነገረው ነው ነገር የሚገባው። "በነፃ የለመደ ሰው አድጎም አይከፍልም" አለ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። እኔ ሁለቱንም ወገን ደስ ላሰኝ ብዬ እጄን አወጣሁ። "ከአባቱ ጋር የመጣ ልጅ በነፃ ይግባ፤ ሌላው ይክፈል። የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ያለውን የአባት ስም ከሰውየው መታወቂያ ጋር ማመሳከር ነው" አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። አዎ፣ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ካርዱ ላይ የእናት ስም እንደሌለ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያሰበ አልነበረም። እናት ብቻ ያሳደገችኝ እኔም አላሰብኩም።

ለአባባ ግቡ የመንገር ዕጣ ለእኔው ደረሰ። ላውንድሪው ውስጥ ስገባ የሆስፒታል ነጭ ጋውን ተቆልሎላቸው እየተኮሱ ነበር።

"ፀሐፊው መጣ! ምነው ሱሪህ? አልጋ ሥር ነው እንዴ ያደረው? አውልቀው ልተኩስልህ።"

"ሌላ ጊዜ አባባ። ዛሬ ለጉዳይ ነው" አልኩና ውሳኔውን ነገርኳቸው። ካውያውን ከኮሌታው ላይ ሳያነሱ አዳመጡኝ።

"እስኪ ድገመው" አሉ።

ደገምኩት።

"አባት ያለው በነፃ ይገባል፣ የሌለው ይከፍላል። እንዲህ ነው ያላችሁት?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም አባባ…"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተን። ካውያውን ሲያነሱት ኮሌታው ጠቁሯል። አባባ ግቡ ልብስ አቃጥለው አያውቁም፤ የላውንድሪው ባለቤትም ደንበኞቹም የሚምሉት በዚህ ነበር። ጋውኑን ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ።

"ማን ነው ይሄን ያሰበው?" አሉ።

"ኮሚቴው ነው" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና የተቃጠለውን ጋውን አጠፉት። ኋላ ላይ "እምቢ ብል ማንን ታቆማላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከጥበቃ ድርጅት ሰው እንደሚመጣ ነገርኳቸው። "እሱማ ይገፈትራቸዋል። በቃ እኔው ልቁም" አሉ።

ውሳኔው የሚጀምርበት እሑድ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ካልቆምኩ ብሎ መጣ። እኔንም አቆመኝ። ወዲያው ካርድ የያዙ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ገቡ፤ ሌሎቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዩናል። ከሰልፉ መሐል አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ መጣች። ማሊያዋ ሰፍቷት ጉልበቷ ላይ ወርዷል። አንድ አናፂ ነው የያዛት፤ ድሮም ልጅ ሳይዝ የማይገባ ደግ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ልጆች ካርድ ይያዙ መባሉን ሰምታ፣ የሚያስገባው ካርዱ መስሏት አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

አባባ ግቡ ካርዱን አላዩም። "ግቡ" አሉ።

"ቆይ!" አለ ሊቀመንበሩ። ካርዱን ገልብጦ አነበበ፣ የአናፂውን መታወቂያ ተቀበለ። "አይገናኝም። አንቺ፣ አባትሽ ማን ነው?"

"እሱ ነው" አለች፣ አናፂውን እያሳየች። እጁንም በሁለት እጇ ያዘችው።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። "አናፂው ጉድህ ወጣ! ሚስትህ ታውቃለች?" ሰልፉ በሙሉ ተንጫጫ። የአናፂው ፊት በርበሬ መሰለ። ደግ ሰው ነው አልኩ፤ ግን ሰው ሲስቅበት የሚቆምበት መሬት ያጣል። "ኧረ እኔ አላውቃትም! እዚህ በር ላይ ነው የያዘችኝ" አለና እጁን መንጭቆ ብቻውን ገባ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። የያዙትን እጅ ያጡት ሁለት እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

አባባ ግቡ የትኬት ቦርሳውን ከአንገታቸው አውልቀው እኔ አንገት ላይ አጠለቁት። ልጅቷን ይዘው ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ሄዱ፣ እንደማንኛውም ሰው ተራ ጠብቀው ለራሳቸው አንድ ትኬት ገዙ፣ ተመልሰው እኔ ፊት ቆሙ። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ውጭ ቆመው አየኋቸው።

"የኔ ናት" አሉ።

ሊቀመንበሩ በትከሻዬ በኩል ትንፋሹ ይሰማኛል። አንዲት ቃል ነበረች ከእኔ የምትፈለገው፤ እሳቸው ለእኔ ስንት እሑድ ያሏት፣ መቼ እንደጀመሩ እንኳ የማላስታውሳት፣ 'ግቡ' የምትል ቃል። አፌ ላይ መጥታ ነበር።

"ካርዷን ያሳዩኝ አባባ" አልኩ።

ተቆጥተው ቢሆን ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር። አልተቆጡም። ትኬቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ "ነይ እናቴ" አሏትና መንገዱን ይዘው ሄዱ። ውስጥ ሕዝቡ ሲጮህ ልጅቷ ዞር ብላ አየች። እሳቸው አልዞሩም።

ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ አልቆሙም። የጥበቃ ድርጅቱ ሰው መጣ፣ አብዛኞቹ ልጆች ቀሩ። ጎል ሲገባ እንኳ ጩኸቱ የጎረምሳና የሽማግሌ ሆነ። አሠልጣኙ አይኔን ማየት ተወ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ በላውንድሪው በኩል ላለማለፍ መንገድ ሳዞር ከረምኩና አንድ ቀን ገባሁ። ከስተዋል፤ ሳል ይዟቸዋል።

"አባባ፣ ያን ነገር ያሰብኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። ያን ዕለት 'ኮሚቴው ነው' ስትለኝ ጆሮህ ቀልቶ ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ። ሞኝ ነህ እንጂ ክፉ አይደለህም።" ሳል አቋረጣቸው። ጋብ ሲልላቸው "ልጅቷ መጥታለች?" አሉ።

"አልመጣችም።"

"ቤቷን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም አባባ።"

"እኔም አልጠየቅኋት። እስከ አስፋልቱ አደረስኳት፤ 'በቃኝ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ' አለችኝ። አፈር ልብላ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።" ካውያውን አስቀመጡት። "በዚያ በር ላይ እጅ ሲለቀቅ አይቼ አላውቅም ነበር እኮ። እኔ እዚያ ቆሜ። እኔ እዚያ ቆሜ!" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ከቀብር በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ማንም ሳይከራከር ውሳኔው ተሻረ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጆች አሁን እጅ ሳይዙም በነፃ ይገባሉ፤ ካርድ የሚጠይቅ የለም። እሑድ እሑድ ትኬት የምቆርጠውም እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ሲሳለቅብኝ ጆሮ አልሰጥም። አናፂው በየሳምንቱ ይመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ትኬቱን ይሰጠኛል፣ ሁለታችንም አንነጋገርም። ሊቀመንበሩ የልጅቷ ካርድ ላይ ያነበበውን አያስታውስም፤ የእኛንና የጎረቤት ሰፈር ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዞሬ ጠይቄያለሁ። ኳሱ ከተጀመረ በኋላም በሩን ቶሎ አልዘጋም። ያቺ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልመጣችም።