ሰፊው ጎማና የገራ መንገድ

ከጅማ መነሻ

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ የእኛ ቤተሰብ ልማድ ነው። እኔም ከጅማ ወደ ገራ የተነሣሁት ለዚሁ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ የቡናው አበባ ገና አልረገፈም፤ ዝናቡ ግን በየመሐሉ ብቅ እያለ መምጣቱን ነግሮናል። ከበረታ ከአጋሮ ወደ ገራ የሚገነጠለው መንገድ ይዘጋል። እናቴ የገንፎውን እህል አስፈጭታ ትጠብቀኛለች፤ ቀኔም ደርሷል። ዝናቡ ቢቀድመኝ እናቴ በሌለችበት መውለዴ ነው፤ ይህን ሳስብ ትልቅ ሴትነቴን ረስቼ እንባዬ ይመጣል።

ባሌ ጌታሁን የሰርቦንና የአጋሮን ቡና ነጋዴዎች የሚያመላልስ ሹፌር ነው። በዚያ በጃንሆይ ዘመን ጅማ ውስጥ ላንድሮቨር ያለው ሰው በሀብቱ ይታወቅ ነበር፤ እኛ ግን የምንታወቀው በመኪናችን እርጅና ነበር። እሱም ሳይበቃት በመነሻችን ዋዜማ ሰርቦ መንገድ ላይ አንድ ጎማዋ ፈነዳ። የቀሩትም መላጣ ሆነዋል። ስለዚህ ጉዟችን የተጀመረው ከጎሚስታው ከሰዒድ ደጅ ነው።

ሰዒድ ሁለት ዓይነት ጎማ ግድግዳ ላይ አስደግፎ አሳየን። አንደኛው ስድስት መቶ የሚሉት ቀጭኑ ነው፤ ሁለተኛው ሰባት ሃምሳ የሚሉት ሰፊው።

“ይኼ ሰፊው ትራስ ነው” አለ። “ጠጠር ላይ እንቅልፍ ይዞህ ይሄዳል። ቀጭኑ ያነጥራል፤ ግን ጭቃውን ሰንጥቆ ደረቁን መሬት ይይዛል።”

“ሰፊውን ከኋላ፣ ቀጭኑን ከፊት ብናደርገውስ?” አልኩ፤ ለማስታረቅ ብዬ።

“ወላሂ እንዳታደርጉት እህቴ! አራቱን እግር ባንድ ላይ ስታስነዱት ፊቱና ኋላው ይጣላል፤ ማርሹን ይበላዋል። አራቱም አንድ ልክ ነው መሆን ያለበት።”

እኔ ገራ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ከአጥራችን ሥር ተቀምጬ፣ ባለ ሰፊ ጎማው መኪና ጭቃ ላይ ሲጨፍር፣ ባለ ቀጭኑ እያጓራ ሲያልፍ አይቻለሁ። “ቀጭኑን” አልኩ።

“ሰፊውን” አለ ጌታሁን።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እህቱ ነፍሰ ጡር ሆና በጭነት መኪና ወደ ቦንጋ ስትሄድ መንገዱ ሲያነጥራት ውሎ ልጇ ያለ ጊዜው ወረደባት። ይህን ነገር አንሥቶ አያውቅም። አሁን ግን ሰፊውን ጎማ ገበያ ላይ ፍራሽ እንደሚመርጥ ሰው በመዳፉ ጫን ጫን ያደርገዋል። ልከራከረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያ ጎማውን የሚጫነው እጅ አሳዘነኝና ተውኩት። አራቱም ሰፊ ሆኑ።

አጋሮ

እስከ አጋሮ ድረስ ሰዒድ ያለው አልቀረም። ጠጠሩ ከሥራችን ዝም አለ። ጌታሁን ጉድጓድ ሁሉ እየዞረ ስለሚያልፍ አንዳንዴ ከበሬ ጋሪ አንሻልም ነበር። በየመንገዱ ዳር ሰው እጁን ያነሣል፤ እሱ ግን እንዳልጣበብ ብሎ መኪናዋን ባዶዋን ነው ያስነሣት።

“ዛሬ ጭነት አለብኝ!” እያለ ያልፋቸዋል።

“ጭነቱ እኔ ነኝ?” አልኩት።

“ከባዱማ አንቺ ነሽ” ብሎ ሳቀ። እኔም ስቄ፣ ከቡናው ጥላ የሚመጣውን የአበባ ሽታ እየሳብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አጋሮ ፓስቲ በሻይ በላን። ባለ ሻይ ቤቱ ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ ሆዴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “ገራ በኩል ትናንት ሲዘንብ ነው የዋለው። ነገ ብትሄዱ አይሻልም?” አለን።

ጌታሁን አየኝ። ወገቤን ከጧት ጀምሮ ሲወጋኝ ቆይቷል፤ አልነገርኩትም ነበር። ያኔ ነገርኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ከአጋሮ ወዲያ

ከግንጥሉ ጥቂት እንደራቅን ቀዩ ጭቃ ተቀበለን። ከፊታችን ያለፉት መኪናዎች በቀጭን ጎማ የቀደዱት ቦይ አለ፤ የእኛ ጎማ ቦዩ ውስጥ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ እየወጣ ይንሸራተታል። መሪው ተጠምዞ ሲዞር ደግሞ ጎማው ከባሌስትራው ብረት ጋር እየታሸ ይጮኻል። ጌታሁን አራቱንም እግር አስነዳ። አራቱም ባንድነት ለፉ፤ አንዱም መሬት አልጨበጠ። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ የምታፍር ይመስል፣ ወደ ቦዩ ዳር ተንሸራትታ ተቀመጠች።

ወርዶ ጭቃውን በእጁ ይጭር ጀመር። ፊቱን ሳየው ስለ መኪናው አለመሆኑን አወቅሁ። “ቀጭኑን ብለሽኝ ነበር” አለ ቀና ሳይል።

“ለኔ ብለህ ነው” አልኩት። ምጤ አንድ ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ በሩን ይዤ አሳለፍኩት።

ከገበያ የሚመለሱ ሦስት ሴቶች ደረሱብን። ትልቋ አዴ ከዲጃ ሁኔታዬን አይተው ዕቃቸውን አወረዱ። “ጃባዹ ኢንተለ ኮ፤ በርቺ ልጄ” ብለው ወገቤን ያሹኝ ጀመር።

ወዲያው ከገራ በኩል አንድ ላንድሮቨር መጣ። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት ከኋላቸው ትራስ የደገፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጂ አባ ጊሳ ይባላሉ፤ አጋሮ ቡና ያስፈለፍላሉ። ወርደው በከዘራቸው ጎማችንን መታ መታ አደረጉት።

“ጎማህ ጥሩ ነው ልጄ። መንገዱ ነው ያልሆነው።”

“ለእሷ እንዲለሰልስ ብዬ ነበር ሐጂ።”

“ገባኝ።” ሆዴን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ቀጭን ጎማዎች። “እኔ ከእንግዲህ እስከ ጅማ ጠጠር ነው መንገዴ። ይኼ ወገቤ ቀጭኑን ከረገመው ቆየ። ፍታ!”

“ምኑን ሐጂ?”

“አራቱንም ከነቸርኬው ፍታ። ያንተ ለኔ፣ የኔ ላንተ። አላህ ያገናኘን ለዚህ ነው።”

በገመድ ስበው አወጡን። ሁለቱም ሹፌሮች ከክሪኩ ሥር ጣውላ እያደረጉ አንዱን ፈትተው ሌላውን ያስራሉ። ሐጂ ትራሳቸውን ለኔ ሰጥተው ራሳቸው ቆመው ጠበቁ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ጌታሁን ወደኔ መጣ።

“ይኼኛው ያነጥርሻል።”

“እናቴ ጋ ያደርሰኛል” አልኩት።

“ባዶ መኪና ነው የሚያነጥረው!” አሉ ሐጂ። “ሴቶቹን ጫን። ክብደት ሲኖራት ትረጋጋለች።”

ከጧት ጀምሮ ሰው አልጭንም ያለው ጌታሁን፣ ሦስቱንም በየተራ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው። አዴ ከዲጃ ከኋላዬ ተቀምጠው በደረታቸው አስደገፉኝ፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ጉልበቴን ያዙ። “ረቢ ነጋን ሲ ሃ ሂኩ” ይሉኛል፤ ፈጣሪ በሰላም ይፍታሽ ማለታቸው ነው። እኔም በሆዴ እመቤቴን እጠራለሁ።

መኪናዋ ጭቃውን ሰንጥቃ ደረቁን አገኘች። ስታነጥረን በሴቶቹ ጭን ላይ ነበር የማርፈው። ሲያነጥራቸው “ውይ!” ይላሉ፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ገራ

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ስታየኝ ጫማዬን ከነጭቃው አወለቀችልኝና አቅፋ አስገባችኝ። ሲነጋ ሴት ልጅ ተገላገልኩ። ጌታሁን እልልታውን ሰምቶ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው “መንገዱ አልጎዳትም?” ብሎ ነው።

“እቺማ በጋማ ከብት ብትመጣም አይገዳት” አለች እናቴ፤ ልጅቱን ክንዱ ላይ አስተኛችለት። አቅፏት አለቀሰ። እኔም ለእሱና ለእህቱ አለቀስኩ።

ወደ ጊንጆ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የተመለስነው ሰኔ ላይ ከክርስትናዋ በኋላ ነው። መንገዱ የባሰ ጭቃ ቢሆንም ቀጭኑ ጎማ ይዞን ወጣ። ልጃችን ያን ሁሉ ንጠት ተኝታ አለፈችው። የምታለቅሰው መኪናው ሲቆም ብቻ ነበር።

አጋሮ ጎማቸውን ልንመልስ ሐጂ ቤት ጎራ ብንል አልሰማ አሉ። “አልሐምዱሊላህ፣ ወገቤ ይቅርታ አደረገልኝ። አሁን ጅማ መሄድ ሽርሽር ሆኖልኛል። አትንኩብኝ!” ብለው ልጅቱን መርቀው ሸኙን።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ጎማ የሚመረጠው ለሚሄዱበት መንገድ መሆኑን ነው፤ ልስላሴውን ሰው ይሞላዋል።

ጊንጆ ደርሰን ልጅቱን ለስላሳው አልጋ ላይ አስተኛናት። አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። ጡት ሰጠኋት፤ እምቢ አለች። አዘልኳት፤ እምቢ አለች። ጌታሁን ቁልፉን አነሣ፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር፤ ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ገባን። መንገዱ ወደተበላሸበት ወደ አወቱ መንደራ ሰፈር ነዳ። ያ ለኔ ብሎ ከጉድጓድ ሁሉ ሲሸሽ የነበረ ሰው፣ አንገቱን አስግጎ ጉድጓድ ይፈልግ ጀመር። አንድ ሁለቱን እንደመታ ልጅቱ ዝም አለች።

“ያቺን ትልቋን አለፍካት” አልኩት በቀስታ።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና ተመለሰላት።